የኔታ በታንኳዋ ጭራ ላይ

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ማትሪክ ልፈተን ስል ነው። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሣ አባቴ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

የምማረው ባሕር ዳር ቤት ተከራይቼ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ የአባቴን ምርቃት ሳልቀበል መቀመጥ አላስችል አለኝና ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቅ ዳር ኖረው ውሃ የሚፈሩ ሰው ናቸው። እስከዚያ ቀን ታንኳ ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር።

መረቁኝ። ፈተናው በማግስቱ ጠዋት ስለነበር በምሳ ሰዓት ወደ ወደቡ ወረድሁ። የሞተር ጀልባው ግን ነዳጅ አጥቶ ባሕር ዳር ቆሟል ተባለ። በእግር እንዳልሄድ መንገዱ በዝናብ ማጥ ሆኗል፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ፈተናው ቢያመልጠኝ ደግሞ አክስቶቼ ባል አዘጋጅተው ይጠብቁኛል።

አልቀርም አልሁ።

የእናቴ ወንድም አያልነህ በታንኳ ማገዶ ወደ ከተማ ያመላልሳል። የጣና ታንኳ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ሸምበቆ የሚታሰር ነው፤ አሮጌዋ ታንኳው ውሃ ጠጥታ ከብዳለች። ደረቅ የነበረችው አዲሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሰፊ፣ አፍንጫዋም ዝቅ ያለ ነው።

«ይቺን ለእንጨት ነው የሠራኋት» አለኝ። «ስፋቷ ለጭነት ነው እንጂ ከንፋስ ጋራ ስትገፋፋ ይመሽብናል።»

«እናጥብባታ!»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ቢላዋውን አወጣና ስንት ደክሞ የጠፈረውን ገመድ ቆረጠው።

ከግራና ከቀኝ የደንገሉን እስር ቀነስን። የቀነስነውን ከፊት ቀጥለን አፍንጫዋን ወደ ላይ ቆለመምነው። ረዝማ ቀጠነች። ውሃ ላይ ስናወጣት ፈጣን ነበረች፤ ሁለታችን ስንቀመጥባት ግን አፍንጫዋ ማዕበል ውስጥ ይደፋል።

«ከኋላ ክብደት ትሻለች። ድንጋይ እንጫንባት» አለ አያልነህ።

አባቴ ሊሸኙኝ ወርደው እስከዚያ ዳር ቆመው ያዩን ነበር።

«ድንጋይ አይጸልይም» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ።

«የኔታ! እርስዎ?»

«ዝም ብለህ ያዝልኝ!»

ጭራዋ ላይ ተቀመጡ። አፍንጫዋ ብድግ አለ።

መሀል ሐይቅ ስንደርስ ንፋሱ በረታ። ጠባብ ታንኳ ትፈጥናለች እንጂ መወዛወዝ አትወድም፤ አንድ ሰው ደንግጦ ቢያዘነብል ሁላችንም አለቅን። የፈራሁት ለአባቴ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ማዕበል በመታን ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ወገባቸው ግን ንቅንቅ አይልም። እኔና አያልነህ መዳፋችን እስኪላጥ ቀዘፍን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሕር ዳር ደረስን። አባቴ እስከ ወገባቸው ርሰዋል። ገመዱን የጨበጡበትን ጣታቸውን ያላቀቅሁላቸው እኔ ነኝ።

ጠዋት ባልደረቀ ጋቢያቸው እስከ ፈተናው በር ሸኙኝ። ሲመለሱ አያልነህ በታንኳ ልውሰድዎ ቢላቸው አማተቡ። ያን ሁሉ ማጥ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሄዱ።

ፈተናውን አለፍሁ፤ አክስቶቼ ወዳዘጋጁልኝም ባል አልተመለስሁም። ዘመድ ሁሉ «የአባትሽ ምርቃት ደረሰልሽ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ደርሶልኛል። እኔ ግን ሳስበው መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ቀጥሎ እንባዬ። መርቀውኝ ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ አባቴ ግን በድንጋዩ ቦታ ተቀመጡልኝ።