ወናፍ ያለው ፒያኖ

እኔና አባቴ የምንሠራው ሰጉላ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ባለ አንድ የሆቫሎት ቤት ነው፤ ሆቫሎት በዕብራይስጥ የሰው ዕቃ ከቤት ወደ ቤት ማመላለስ ነው። እኔና ትምህርት ቤት ብዙም አልተዋወቅንም፤ ጀርባዬ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ፍሪጅ ብቻዬን ፎቅ አወጣለሁ። ያላመነ አባቴን ይጠይቅ፣ እሱ ግን ይክዳል።

ያን ዓርብ ወገቤ አልቆ ሳለ የመጨረሻ ሥራ ተባለና ራማት ቬርበር የሚባል ሰፈር ሄድን። አንዲት አሮጊት ሴትዮ አረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። ፒያኗቸው እዛ ስለማይገባ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።

ገመዱን ስናዘጋጅ ሴትዮዋ ፒያኖው ፊት ቆሙ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ልስማው" አሉ በዕብራይስጥ።

ፒያኖው ለካ በእጅ አይመታም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቅል ወረቀት ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ከታች ፔዳሎቹን በእግር ስትረግጥ በአየር ራሱ ይጫወታል። ወረቀቱ ባላቸው ይወዱት የነበረ ነው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሴትዮዋ ሲረግጡት ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ሁሌ መሀል ላይ ይቆማል።

"ግቨረት" አልኳቸው፣ እትዬ እንደማለት፤ "እኔ እያለሁ?" ብዬ ተቀመጥኩ።

ሙዚካ ክላሲት ነው አሉ፤ ክላሲካል ሙዚቃ። በኔ እግር ግን የጎረቤት ጠብ መሰለ፤ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይታፈናል።

"ለአት፣ ሐሙድ፣ ለአት" አሉኝ፤ ቀስ በል የኔ ቆንጆ ማለታቸው ነው። ቀስ ስል ጭራሽ ዝም አለ።

አባቴ የዓርብ ጀምበር ጠልቃ ሻባት ሳይገባ ቤቱ መድረስ ይወዳል፤ ሰዓቱን ሲያይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ኋላ አየና "ወናፍ እኮ ነው" አለ። የሱ አባት፣ አያቴ፣ ጎንደር ቀጥቃጭ ነበር።

"አንዱ ሳይጎድል ሌላው ይሙላ" አለኝ። "እሳቱ እንዳይተኛ ነው እንጂ ቤቱን አቃጥል አልተባልክም።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ምን ታውቃለህ? አንተ የለመድከው ጉራ መንፋት ነው። እሱ ወናፍ አይፈልግም።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉልኝና እንደገና ጀመርኩ። ከድካሜ የተነሳ መፎከሩን ትቼ ዝም ብዬ ረገጥኩ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። መሀሉ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ የወንበሬን መደገፊያ ጨምድደው ያዙ። አልቆመም። መጨረሻው፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ቀጫጭን ድምፅ፣ ከዛ ወረቀቱ ሲንፏቀቅ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከወንበሩ አነሱ። "በሰደር" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። "አሁን ውሰዱት።"

ደረጃው ላይ አባቴ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ስናወርደው "የቻልክበት ስለደከመህ ነው" አለኝ። "ምናለ ሁልጊዜ ቢደክምህ።"

"አባ፣ አታስቀኝ፣ እለቀዋለሁ።"

ጓደኞቼን ፒያኖ እችላለሁ ስላቸው ጣቶቼን አይተው ይስቃሉ። በእግሬ እንደሆነ አልነግራቸውም።