የጥቁሩ በግ አንገት

ዘይቱን ከነማሰሮው ዜውስ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጥዬ ነው ሮጬ የመጣሁት። በሩንም አልዘጋሁትም። ድንገት አንድ ነገር ከሆንኩ የጋሽ ፊላኖር ነገር ይታወቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ፊላኖር የኦሊምፒያ እንጨት ቆራጭ ናቸው። ለመሥዋዕት የሚነደውን ሁሉ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ለሟቹ ንጉሥ ለፔሎፕስ፣ ለአገራችን ስሙን ለሰጣት፣ ጥቁር በግ ሲታረድ አንገቱ የሳቸው ድርሻ ነው። ታዲያ ከዛ በግ የበላ ሰው ዓመት እስኪዞር የመብረቁ ጌታ የዜውስ ቤት አይገባም። ጋሽ ፊላኖር ደግሞ አንገት ይወዳሉ። እንጨታቸውን የሚከምሩት ግድግዳው ሥር ሆኖ፣ ውስጡን አንድ ቀን አላዩትም። "ለከርሞ እገባለሁ" ይላሉ። ከርሞ ሲመጣ አንገቱም ይመጣል።

ዘንድሮ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ባለፈው ዓምዱን "እንዴት አደርክ ልጄ" ሲሉት ሰማሁ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ።

"ሳይጨልምብኝ አንዴ ልየው" አሉኝ። የዜውስን ምስል እግር ዘይት የምቀባው እኔ ስለሆንኩ፣ ላስገባቸው ተስማማን። አንገቱን ለሚስታቸው ለእትዬ ኒካሬታ ሰጥተው "ለውሻ ጣይው" አሉ። ለሳቸው ይሄ ቀላል አልነበረም።

ዛሬ እነሱ ቤት ምስር በልተን ሄድን። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ጋሽ ፊላኖር አንድ እግራቸውን ከበሩ ደፍ በላይ እንዳነሱ እትዬ ኒካሬታ ባላቸው የረሱትን ከዘራ ይዘው ደረሱ።

"ምስሩ እንዴት ነበር?"

"ዛሬ እጅሽ ጣፍጧል። ምን ጨመርሽበት?"

"አንገቱን ነዋ።"

"ለውሻ አላልኩሽም?"

"የቱ ውሻ? ውሻችን ከሞተ ስንት ዘመኑ።"

"እኔ ሥጋ አልበላሁም።"

"መረቁን ጠጥተሃል። አስጨምረሃልም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ንጉሡ ይቀየመኛል።"

"አባቱ እሱን ራሱን ከትፎ፣ ቀቅሎ ለአማልክት ያቀረበው፣ እነሱም መልሰው ያስነሱት ሰው በእኔ ድስት ይቀየማል?"

"እሱማ ይብስበታል። ድስቱን ከውስጥ ያውቀዋል።"

ከዛ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ውስጥ፣ ዜውስ እግር ሥር ነኝ። ሳህኔን በዳቦ ጠርጌ ነው የመጣሁት።

ሮጥኩ።

አሁን እነሱ ቤት ነኝ። ጋሽ ፊላኖር ቀስ ብለው ደርሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ዜውስ ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"ጋሽዬ፣ እኔ ከጉልበቱ በላይ አላውቀውም። ላይኛውን የሚቀቡት ትልልቆቹ ናቸው።"

አሰቡ፣ አሰቡና "ስማኝ ልጄ፣ አንተ በልተህ ገብተሃል። መብረቅ እስከ ጠዋት ካልመታህ እኔም እገባለሁ" አሉ።

"ከመታውስ?" አሉ እትዬ ኒካሬታ።

"ከመታውማ ውጪ እቀራለሁ።"

እትዬ ኒካሬታ ተነስተው ድስቶቻቸውን ከአጠገቤ አራቁ። ጋሽ ፊላኖር በሚሻለው ዓይናቸው እያዩኝ ነው። በሩን ሄጄ ልዝጋ ብል "አትነቃነቅ፣ ልይህ" ይሉኛል።

ከተራራው በኩል ደመና እየመጣ ነው። ተራ ዝናብ ይሁን ለኔ የተላከ፣ አላውቅም።