ኋላ በር ጋ ያለው ስኳር

የተጫነ መኪና መሬት ይይዛል ይባላል። ውሸት ነው። ጭነት መኪናን መሬት የሚያሲዘው በቦታው ሲቀመጥ ነው፤ ያለቦታው የተከመረ ጭነት መሪውንም ፍሬኑንም ከሾፌሩ እጅ ይቀማል። የመኪና አቅም ማስላት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ሰው ግን ከስሌት ይልቅ የአጎቱን ልጅ ያምናል።

የእህቴ ባል እዚህ በስደት አገር፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች የንግድ ሠፈር፣ ጅምላ ሻጭ ነው። ሰኞ ሰኞ የኋላ ወንበሮቹ የወጡ ሚኒባሱን ጭኖ፣ እህቴን ከጎኑ አስቀምጦ ይነሳል። መጀመሪያ ቅርብ ላሉ ደንበኞቹ ስኳርና ዘይት ያራግፋል፤ መጨረሻ ላይ ከከተማው ዳር ያለው ኮዝሞ ሲቲ ደርሶ እሷን ከነዕቃዋ ሱቋ በር ላይ ያወርዳታል።

ጀፕ ላይ ዕቃ የሚጫነው በአወራረዱ ነው፤ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይገባል። ስለዚህ የእህቴ ብስኩትና ሶፍት ከሾፌሩ ጀርባ ይሆናል፣ ስኳሩና ዘይቱ ኋላ በሩ ጋ ይከመራል። ለእጅ የሚመች፣ ለጎማ የማይመች አሠራር ነው። የኋላው ጎማ ሁሉንም ይሸከማል፤ ለመሪ የሚታዘዘውና ፍሬኑ ይበልጥ የሚይዝበት የፊተኛው ጎማ መሬቱን ለወግ ያህል ብቻ ይነካል።

አንድ ሰኞ እህቴ ደወለችልኝ። ቁልቁለት ላይ ያለ ሮቦት፣ እዚህ የትራፊክ መብራት የሚባለው እንዲህ ነው፣ ቀይ ሲበራ መኪናው ሳይቆም አልፏል። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

"ፍሬን ረግጧል፣ እግሩን አይቻለሁ" አለችኝ። "መሪውንም አዙሯል። መኪናው ግን ዝም ብሎ ወደ ፊት ቀጠለ።"

ከሥራ ስወጣ ሜይፌር ሠፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ፍሬኑን እኮ ገና አሁን ነው ያስቀየርኩት" አለኝ ባሏ።

"ፍሬኑ ምንም አልሆነም። ጭነትህ ነው።"

"ጀፕ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጭነው።"

"ጀፕ ሁሉ እህቴን ከጎኑ አስቀምጦ አይነዳም።"

እህቴ ከሻይዋ ቀና አለች። "እኔ ከአሁን በኋላ በታክሲ ነው የምሄደው።"

"የታክሲ ሾፌሮቹን አላየሻቸውም?" አላት ባሏ።

"አይቻቸዋለሁ። ቢያንስ የሚጭኑት ሰው ከፊትም ይቀመጣል።"

በወሬ እንደማላሸንፈው አውቅ ነበር፤ እሱም እንደማልተወው ያውቃል። እሁድ ጠዋት ሚኒባሱን እንደ ሁልጊዜው አስጭኜው፣ ሦስታችንም እዚያው ሠፈር ወዳለ የተዘጋ መጋዘን ግቢ ሄድን። መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ ከመስመሩ ወዲያ ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን አስቀመጥኩ።

"መስመሩ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዝ፣ ሳጥኑን በግራ እለፈው" አልኩት።

"ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ወላሂ።"

መጣ። ፍሬን ያዘ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የፊት ጎማዎቹ ዞሩ፤ መኪናው አልዞረም። ሳጥኑ ከሥሩ ገብቶ ደቀቀ። የግቢው ዘበኛ ደንግጦ በአገሩ ቋንቋ "ሃይቦ" ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

"መሬቱ አሸዋ አለው" አለ የእህቴ ባል በመስኮት።

"እንግዲያው አሸዋውን ሳንጠርግ እንድገመው።"

ስኳሩንና ዘይቱን ከሾፌሩ ጀርባ ዝቅ አድርገን ደረደርን፤ ብስኩቱንና ሶፍቱን ወደ ኋላ ወሰድን። ከጭነቱ ምንም አልቀነስንም። ያው ፍጥነት፣ ያው መስመር፣ ያው አሸዋ። መኪናው ወደ ግራ ታጠፈና በደቀቀው ቦታ ያስቀመጥኩትን ሌላ ሳጥን ሳይነካ ቆመ።

እህቴ ሳጥኑን አንስታ በመስኮቱ አሳየችው።

"ታዲያ ለመጀመሪያው ደንበኛ ስኳር ለማውረድ ብስኩቱን ሁሉ አስፋልት ላይ ልዘርግፍ?" አለኝ።

"አትዘርግፍ። ከሩቁ ጀምር። መጀመሪያ ኮዝሞ ሲቲ፣ ስትመለስ የቅርቦቹ።"

"የቅርቦቹ ይቆጣሉ።"

"ይቆጡ።"

ተቆጡ። አንደኛው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ ስኳሩ ከሰዓት መድረስ የጀመረው በእኔ ምክር መሆኑን ሰምቷል። የሱ ኩርፊያ ይመቸኛል። እህቴ ሰኞ ሰኞ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ትሄዳለች፣ ሮቦቱም ቀይ ሲበራ ይቆማሉ።

አንተም ዕቃ የምትጭን ከሆነ፣ ይህን አንብበህ ራስህን አትነቅንቅልኝ። ተነስና የኋላ በርህን ክፈት፤ ከባዱን ወደ ፊት አምጣው።