የአባቴ ጠብታ

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መንደሩ "ጂን ነው" አለ። እሳቸው ግን "ሽመና የሚጠላ ሰነፍ ጂን ነው የያዘኝ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። መወርወሪያው ከእጃቸው እየወደቀ ሲያስቸግር ቀልዱም ቀረ።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ ነበር። ታናሽ ወንድማቸውን የገደለው ጣሊያን ስለሆነ፣ እናቴ ወደ ጣሊያኖቹ ሐኪም እንዲሄዱ ስትለምናቸው እምቢ እያሉ ከረሙ። በመጨረሻ እኔ ሴት ልጃቸው ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ መራራ ጠብታ ሰጠንና በአስተርጓሚ አደራ አለኝ፦ "አፋቸው ከደረቀ፣ ዓይናቸው ከፈዘዘ፣ ከሌለ ሰው ጋር ካወሩ ጠብታውን ቀንሽ።"

እጃቸው ረጋ። የመወርወሪያውን ድምፅ እንደገና ስሰማ ደስታው አስለቀሰኝ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ሕመምተኛ አይጾምም ብንላቸው "የታመመው እጄ ነው፤ ሆዴ መቼ ታመመ?" አሉ። ጠብታውን ከማፍጠሪያና ከሌሊቱ ምግብ ከሱሁር ጋር እንሰጣቸው ጀመር። በዚያ የቆላ ሐሩር የማን አፍ አልደረቀም? ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲጣበቅ ጾሙ ነው አልን። ዓይናቸው ሲፈዝም ጾሙ ነው አልን።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው "ና እንጂ ወንድሜ፣ ማጉን አቀብለኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። አጠገባቸው ማንም የለም። ይስቁ ነበር። አጎቴ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቱ ሙታንን የሚያናግሩ ቅዱስ ሰው፣ ወሊይ ሆኑ ብሎ ዱዓ ሊያስደርግ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ተናድጄ በሩን ልዘጋ፣ ጠብታውንም ልቀንስ ስል እናቴ ያዘችኝ። "እጁም ረጋ፣ ልቡም ረጋ። ምን አድርግ ነው የምትዪው?" አለችኝ። ማታም ጠብታውን እንደወትሮው ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ግን የሞተውን ወንድማቸውን የተከተሉ መስሏቸው ወጥተው ከወንዙ አፋፍ ላይ አገኘናቸው። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ ገደል ነበር። እናቴ ራሷ ጠርሙሱን አቀበለችኝ፤ ጠብታውን ቀነስኩ።

ከቀናት በኋላ መወርወሪያው እንደገና ወደቀ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝና "ወንድሜ ዛሬስ የት ቀረ?" አሉኝ።

መርዶ በእኛ አገር በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው የሚነገረው። እኔ ግን ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ ነገርኳቸው።

"ሞቷል እኮ አባዬ።"

እንባቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ተንቀጥቅጦ ፊታቸው ላይ አልደርስ አለ። እኔ ጠረግሁላቸው።