ሁለተኛው ብርጭቆ

ሽማግሌው ችግኝ መሸጫው በር ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን ሊያወልቁ ፈልገው ነበር፤ እጃቸው ግን አልተመቸም። ቀርከሃ የተተከለበትን ማሰሮ በሁለት ክንዳቸው ታቅፈዋል። ብርድ እንዳይመታው ቅጠሉን በሴት ሹራብ ሸፍነውታል። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተተኩሷል፤ እጅጌው ግን እንደተጨማደደ ነው።

"እስቲ እዪልኝ ልጄ። የባለቤቴ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ቢጫ እየሆነ መጣ። እኔ እንደሆንኩ አንድም ቀን አልዘነጋሁትም።"

ሻጯ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ አሸተተችው። "ውሃ በዝቶበታል፣ አባባ። ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሩዝ መሰለዎት እንዴ?"

"ምኑ በዛ? ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ናት።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስነሳ ለሁለት ሰው እቀዳለሁ፤ እጄ ለምዶብኝ ነው። የእኔን እጠጣለሁ። የእሷን መድፋት ግን አቃተኝና..." በአገጫቸው ወደ ቀርከሃው አመለከቱ።

ሻጯ የጀመረችውን ፈገግታ ዋጠችው። የበሰበሰውን ሥር ቆረጠች፤ አፈሩንም ለወጠችለት።

"ይተርፋል" አለቻቸው ማሰሮውን ስትመልስላቸው። "ግን በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚጠጣው።"

"የሌላውን ቀን ውሃዋንስ ምን ላድርገው?"

"እርስዎ ይጠጡት፣ አባባ።"

ሽማግሌው ሹራቡን መልሰው ቅጠሉ ላይ ጣል አደረጉ፤ የዞረውን እጅጌ ቀስ ብለው አስተካከሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"በራሷ ብርጭቆ?"