ፈርሜ የሰጠሁት መጽሐፍ ታክሲ ውስጥ ጠበቀኝ

ዛሬ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ የኔን ልብወለድ ስልኳ ላይ ስታነብ አየኋት።

«ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«ፒዲኤፉ በነፃ አለ፤ ልላክልህ?» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፣ ምን ልበላት?

መጽሐፉ ከወጣ ገና ወሩ ነው። አሳታሚዬ ደግሞ «ይሄ ካልተሸጠ ሁለተኛውን እርሳው» ብሎኛል።

ኦሎምፒያ ወርጄ ፋይሉ ለተጫነበት ድረ ገጽ ጻፍኩ። «እኛ ቦታ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ኃላፊነቱ የጫነው ሰው ነው» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ሲቸበቸብ እያየ «እኔ አከራይ ነኝ» የሚልን ሰው ሰፈሩ ዝም ይለዋል?

ጠበቃ ጠየቅኩ። «የጫነውን ካወቅከው እሱን ክሰስ» አለኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሴ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ለአብሮ አደጌ ለሀብታሙ፣ በፍቅር።» የመጽሐፉ ምረቃ ዕለት ፈርሜ የሰጠሁት ነው!

ደወልኩለት። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ሰው እንዲያነብልህ ብዬ እኮ ነው። ስንት ሰው እንዳወረደው አየህ?» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

በቃ፣ የምከሰው ሰው ተገኘ። እሁድ ሰርጉ ነው፤ ሚዜው እኔ ነኝ።

የሚወዳችሁ ሰው እንዲህ ያደረጋችሁ፣ ምን አላችሁት? እባካችሁ እሁድ ሳይደርስ ንገሩኝ።