የግማሽ ቤት ክዳን

ደብረ ታቦር ላይ ልጁን የዳረ ሰው ዋልልኝ ይሻውን ሳያውቀው አይቀርም። ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ነጩን ጨርቅ የሚሰቅለው፣ በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ትንንሽ አምፖል የሚያበራው፣ የላስቲኩን አበባ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ የሚያስመስለው እሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲኖርም ባነር ይሰቅላል፤ መድረክ ያነጥፋል። ሰዉ «ዲኮሩ» ይለዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቴአትር መድረክ ንድፍና ቴክኒክ መማሩን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። እነሱም ሲያገኙት፣ «ያን ሁሉ ተምረህ ጨርቅ ሰቃይ ሆነህ ቀረህ?» እያሉ ያዝኑለታል።

እሱን የሚቆጨው ግን ይህ አይደለም። ጨርቅ መስቀል አያሳፍረውም፤ እንዲያውም ይወደዋል። የሚቆጨው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቃል መናገር ሲገባው መብራት ያጠፋበት ከሰዓት።

አባቱ አያ ይሻው የጉና ሰው ናቸው። በዚያ ብርዳም ተዳፋት ላይ ቤት የሚከደነው ጓሳ በሚባለው ረጅም ሣር ነበር፤ ጓሳን ደግሞ እንደ አያ ይሻው አስተኝቶ የሚያስር አልነበረም። ከታች ከጣራው ከንፈር ይጀምሩና እየደረደሩ፣ በመዳፋቸው እየመቱ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ የራሳቸው የሆነ ልማድም ነበራቸው። የጫፉን የመጨረሻ ቋጠሮ ካሰሩ በኋላ አይወርዱም። እዚያው ጣራው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የቤቱ ባለቤት ከታች ቆሞ፣ «አያ ይሻው፣ ቤቴን ከድነውልኛል፤ ይውረዱ» ሊላቸው ይገባል። ያኔ ወርደው የተዘጋጀውን ጠላ ይቀምሳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤታቸው ረስቶ ገበያ ቢሄድባቸው፣ እስኪመለስ ድረስ ጣራው ላይ ዋሉ።

«ምነው ቢወርዱ?» አሏቸው ያዩዋቸው ሰዎች።

«ባለቤቱ ያልተረከበውን ቤት ጥዬ የት ልውረድ?»

አገሩ ስቆ ስቆ ልማዳቸውን ተቀበለው።

ዋልልኝ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተመኘው ምህንድስና ነበር። የተመደበው ግን ቴአትር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አኩርፎ ጨረሰው። በሁለተኛው ዓመት ሰብለወንጌል የምትባል መምህርት አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ወጥራ፣ ከጎኑ አንድ መብራት ብቻ አበራችበት። አቡጀዲው ግድግዳ ሆነ። መብራቱን ዝቅ ስታደርገው ያው ግድግዳ አረጀ። ዋልልኝ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ትምህርት አልተመኘም።

ችግሩ ይህን ለአባቱ እንዴት እንደሚነግራቸው ነበር። በእነሱ ሰፈር ቴአትር ማለት የአዝማሪ ጨዋታ ነው፤ ለዚህ ብሎ ማን ልጁን አራት ዓመት ይልካል? ስለዚህ በስልክ፣ «ቤት መሥራት ነው የምማረው አባ» አላቸው። ደስ አላቸው። ለትምህርት ጓደኞቹ ደግሞ አባቱ ደብረ ታቦር የታወቁ የሕንፃ ተቋራጭ እንደሆኑ አወራ። «ሁለቱም ውስጥ እኮ እውነት አለ፤ እኔም ቤት እሠራለሁ፣ እሳቸውም ቤት ይሠራሉ» እያለ ራሱን ያባብል ነበር። ሰው እንዲህ ነው። ፍጹም የሆነ ውሸት ያስፈራዋል፤ ትንሽ እውነት የተለሰነበት ሲሆን ግን ገብቶ ይኖርበታል።

የመመረቂያ ሥራቸው ስለ አንድ የደጋ ቤተሰብ የሚናገር ቴአትር ነበር። ሰብለወንጌል ክፍሉን ይዛ ደብረ ታቦር መጣች፤ በአንድ አዳራሽ ሦስት ቀን ሊያሳዩት። የመድረኩን ቤት የነደፈው ዋልልኝ ነው። ሞራሌ አቁሞ፣ አቡጀዲ ወጥሮ፣ በላዩ ጭቃና ጭድ ለቅልቆ የቆመ ቤት ነው፤ የፊት ግድግዳ ግን የለውም። ጣራው ላይ ሣር በቀለም ሥሎ ነበር። መምህርቷ ከሦስተኛው መደዳ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አየችው።

«ዋልልኝ፣ ግድግዳህ ቤት ነው። ጣራህ ግን ይዋሻል» አለችው።

እሱም ከአዳራሹ ወጥቶ ጉና ደወለ።

«አባ፣ ጓሳ ፈልጌ ነበር። በሆነ መኪና ይላኩልኝ።»

«ለምን ያህል ቤት?»

«ለግማሽ ቤት።»

«የቀረውን ግማሽ ማን ይከድነዋል?»

«የለም አባ፤ ቤቱ ራሱ ግማሽ ነው።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ከደወለ በሦስተኛው ቀን ዋልልኝ ረጅም መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት ሲያስር የአዳራሹ በር ተከፈተ። ጓሳው ገባ። ከሣሩ ኋላ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጥለው አያ ይሻው ገቡ። ሸክሙን በአህያ አድርገው መኪና መንገዱ ላይ እስካለችው ገሳይ ከተማ በእግር ወርደው፣ ከዚያ በአንድ አይሱዙ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭነው መምጣታቸው ነው። ከታች ሞራሌ የሚቆርጥ መጋዝ ይጮሃል። ደሞዜ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ወደ መሰላሉ አንጋጦ ተጣራ፦

«ዋልልኝ! አንድ አባት መጥተውልሃል! ማናቸው?»

ዋልልኝ ወደ ታች አየ። የአባቱ ባዶ እግር በጎማ ጫማ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። መምህርቷም ሌሎቹም ቀና ብለው ይጠብቁታል።

«ጓሳ ያመጡልን ሰውዬ ናቸው!» አለ።

አያ ይሻው መሰላሉ ሥር ነበሩ። መጋዙ ስለሚጮህ አልሰሙም ብሎ ራሱን አጽናና። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ደሞዜ አዞሩና፣ «የቤቱ ባለቤት ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እሱ ነዋ፣ መሰላሉ ላይ ያለው! ይኸው የአገሬው ባላባት!»

«መልካም።» ወደ ቤቱ ተጠጉና ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። አቡጀዲው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተመለሰ። «ይሄ ግድግዳ ይተነፍሳል» አሉ። «ፊቱንስ የት ጣላችሁት?»

«ተመልካች እንዲያይ ነው አባባ» አለ ደሞዜ።

«ሰው ቤት የሚሠራ እንዳይታይ መስሎኝ።» ሁሉም ሳቁ። «ስንት ጊዜ ይኖሩበታል?»

«ሦስት ቀን።»

«ለሦስት ቀንማ ዳስ ይበቃችሁ ነበር» አሉና ገመዳቸውን ፈቱ። ከዚያ ከመሰላሉ ወርዶ አጠገባቸው ወደቆመው ልጃቸው ዞረው፣ «ከወዴት ልጀምር፣ ጌታው?» አሉት።

ዋልልኝ ይህንን ቀልድ ነው ብሎ ወሰደው። እንዲያውም አልጠሩኝም፣ አላጋለጡኝም ብሎ በሆዱ አመሰገናቸው። ስንት ጊዜ ነው ሰው ሲቀጣ ምሕረት የተደረገለት የሚመስለው!

አያ ይሻው ያን ጣራ በአንድ ከሰዓት ከደኑት። ውስጡን ሳይቀር ቋጠሮ በቋጠሮ ያስሩ ነበር።

«ከውስጥ በኩል አይታይም፤ ይተዉት» አላቸው ዋልልኝ ቀስ ብሎ። «አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ዝናብ የለም።»

«ቤቱ ይህን በምን ያውቃል?» አሉት፤ እጃቸውም አላረፈ።

ጫፉን ሲያስሩ መጋዙ ቆሞ፣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ያያቸው ነበር። የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጣራው ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ አለቀ እኮ! ይውረዱ እንጂ!» አለ ደሞዜ።

«ባለቤቱ ይጥራኝ።»

«ዋልልኝ፣ ጥራቸው እንጂ! እስከ ነገ ከዚያ ላይ ሊያድሩብን ነው!»

ዋልልኝ በአዳራሹ መጨረሻ፣ ከመብራት መቆጣጠሪያው ኋላ ነበር። የሚባለውን ያውቀዋል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «አያ ይሻው» ብሎ ቢጠራ የራሱ የአባት ስም ነው፤ ደሞዜ ወዲያው ይነቃበታል። «አባ» ቢልማ ተቋራጩ አባት እዚያው ይፈርሳል። ከሁለቱ አንዱ ከአፉ አልወጣ አለ። አያ ይሻው በአዳራሹ ርዝመት ያዩታል። አይቆጡም፤ ይጠብቃሉ ብቻ። የሰው ቤት ላይ እስከ ምሽት ድረስ የጠበቁ ሰው፣ የልጃቸው ቤት ላይ ይቸኩላሉ?

«የመብራት ሙከራ አለብኝ!» ብሎ ጮኸና ሁሉንም መብራት በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሳበው።

ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ ጓሳው ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ከዚያ መሰላሉ፣ አንድ እርከን፣ ደግሞ አንድ እርከን። ዋልልኝ እርከኖቹን ቆጠረ። መብራቱን ሲመልሰው ጣራው ላይ ማንም የለም። የአዳራሹ በር ትንሽ ገርበብ ብሏል።

ሰብለወንጌል ተከትላቸው ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። በጣም ተቆጥታ ነበር።

«ሰው ከፍታ ላይ እያለ መብራት ይጠፋል? የመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳችሁ ምን ነበር? ወድቀው ቢሆንስ እኚህ ሽማግሌ!»

«አጥፍቻለሁ፣ ቲቸር» አለ። ያወቀችው የጥፋቱን ትንሹን ነበር፤ እሱም ይቅርታ የጠየቀው ለትንሹ ብቻ ነው።

ቴአትሩ አማረ። የመጨረሻው ክፍል ላይ የንጋት መብራት ከኋላ ሲመጣ፣ ብርሃኑ በጓሳው ውስጥ እየሾለከ ወደ መድረኩ ወረደ፤ ሕዝቡም «አቤት!» አለ። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከዋልልኝ ጎን የተቀመጡ አንድ የገጠር ሰው ጎረቤታቸውን በክርን ነካ አደረጉና፣ «ይሄ የይሻው እጅ ነው። የዚያ የጉናው ከዳኝ። ሌላ ሰው እንዲህ አያስርም» አሉ። ዋልልኝ ሰማ። ዞር ብሎ «ልጁ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። መብራቱን መቆጣጠር ስላለበት አልዞረም፤ ቢያንስ ያኔ የሰጠው ምክንያት እሱ ነበር።

ከፍተኛውን ውጤት አገኘ። በአራተኛው ቀን አዳራሹ ለስብሰባ ተፈልጎ ቤቱ ፈረሰ።

ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ አባቱ እንደ ወትሮው ጉንጩን ስመው ተቀበሉት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግ እየገፈፉ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«ያ ቤት ቆመ?»

«ፈረሰ አባ። ለሦስት ቀን ነበር እኮ።»

«ጓሳውስ?»

«ጋሪ ጫነው።»

«እህ» አሉና ቢላዋቸውን ሞረዱ።

የይቅርታው በር ተከፍቶለት ነበር፤ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አለፈ። የበደሉት ሰው ቢቆጣ፣ ቢያኮርፍ፣ ቢሳደብ ይቀላል፤ የሚይዙት ነገር ይኖራል። አያ ይሻው ግን በየበዓሉ ምርጡን ብልት ይሰጡታል፣ ሲሄድም እስከ መንገዱ ይሸኙታል። ዋልልኝ ይቅርታውን በየዓመቱ ይዞ ይወጣል፤ በየዓመቱ ይዞት ይመለሳል።

ዘንድሮ በሚያዝያ እህቱ ሸዋነሽ ደወለችለት። ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ገሳይ ላይ ሱቅ ከፍታለች።

«የአባ ቤት ያፈሳል። የከዳኙ ቤት! እሳቸው ጉልበታቸውም ዓይናቸውም እምቢ ብሏል። እኔ ቆርቆሮ ገዝቻለሁ፤ አንተ ከገሳይ አስጭነህ፣ መዶሻህን ይዘህ ና። የሰው ሰርግ ስታሳምር ትኖራለህ እንዴ?»

ሄደ። አያ ይሻው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከላይ የሚወረወረውን አሮጌ ጓሳ እያነሡ ቋጠሮውን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖታል። «ይቺ ቋጠሮ፣ ሸዋነሽ በተወለደችበት ክረምት ያሰርኋት ናት» ይላሉ። ደግሞ ሌላዋን ያነሣሉ።

ወደ ማታ ገደማ ዋልልኝ የጫፉን የመጨረሻ ሚስማር መታ። መዶሻው ዝም አለ። መውረድ ነበረበት። ሳያስበው ግን ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ።  አያ ይሻው ጆሯቸውን ወደ ጣራው ቀና አደረጉ። መዶሻው መቆሙን፣ ሰውየው አለመውረዱን ሰምተዋል። ከእሳቸው የበለጠ የዚያን ዝምታ ትርጉም የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም።

«ሸዋነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ለሰውዬው ጠላ አቅርቢለት። ጨርሷል።»

ሸዋነሽ ሳቀች። «አባ ደግሞ! ልጅዎን ነው ሰውዬ የሚሉት?»

«ቆርቆሮ ያመጣልን ሰውዬ አይደለም?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፈገግ ያሉ ይመስላሉ። ዋልልኝ የዚያን ቀኑ መጋዝ ምንም እንዳልሸፈነለት ያወቀው አሁን ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ጣራ ላይ ተቀምጦ። ማንም ሳይጠራው ወረደ። ጠላውን ተቀብሎ ቆሞ ጠጣ።

ገና ሳይጨልም የጉና በረዶ መጣ። ሦስቱም ወደ ቤት ገቡ፤ ሸዋነሽ ወደ ጓዳ፣ አባትና ልጅ መደቡ ላይ። ዋልልኝ ከዚህ በኋላ ቢዘገይ እንደማይለው ገባው። ወደ አባቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣

«አባ፣ ያኔ ቤቴን ከድነውልኝ ነበር» አለ።

በረዶው አዲሱን ቆርቆሮ ይወግረው ነበር። አያ ይሻው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አልህ?»

ድፍረቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰፈረ ሆኖ አገኘው።

«በረዶው ከበደ ነው ያልሁት።»

«አዎ፤ ቆርቆሮ ያስጮኸዋል» አሉ አያ ይሻው፤ እሱ ግን ግማሹን ከከንፈራቸው ነው ያነበበው። በሰባ ስንት ዓመታቸው፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ሆነው የበረዶ ድምፅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጓሳው ድምፁን ይውጠው ነበር። ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ጀመር።

ዋልልኝ ሲያባራ እደግመዋለሁ ብሎ ጠበቀ። በረዶው ሳስቶ ሳስቶ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል አያ ይሻው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።